የጨረቃ ወርና የባሮ ወንዝ፤ በጋምቤላ ስለ ተገናኙት የዘመን አቆጣጠሮች

በግእዝ «ወርኅ» የሚለው ቃል በሰማይ የምትታየውንም ጨረቃ፣ በምድር የሚቈጠረውንም ሠላሳ ቀን ይጠራል። አማርኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ ለአንደኛዋ «ጨረቃ»፣ ለሁለተኛው «ወር» ብሏል። ኑዌሮች ሁለቱን ዛሬም በአንድ ቃል «ፓይ» ይሏቸዋል፤ ከአኙዋክ ቋንቋ ጋር ዝምድና ባለው በኬንያው የሉኦ ቋንቋም «ድዌ» ጨረቃም ወርም ነው። ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ወሩን ከጨረቃዋ የለየ ሕዝብ ጨረቃዋን ሳያይ ወር ሊያስገባ ይችላል፤ ያልለየው ግን ማታ ማታ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ግዴታው ነው።

ስለ አገራችን የዘመን አቆጣጠር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ይህም የሚገባው ነው። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩት ሕዝቦች ወራቸውን እንዴት እንደሚያስሉ ግን በታሪክ ክፍል ሳይሆን በልማድና በባህል ክፍል ይጻፋል፤ አንዱ ዕውቀት፣ ሌላው ልማድ ተብሎ መለየቱ ነው። እኔ ይህን መለያየት አልቀበለውም። ሁለቱም፣ ሦስተኛው የእስልምና አቆጣጠር ተጨምሮበት፣ ለአንድ የሰማይ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ሦስቱንም በአንድ የወንዝ ዳርቻ ጎን ለጎን ለማየት ደግሞ ከጋምቤላ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ጥያቄው ይህ ነው። ጨረቃ ከአንዱ ልደቷ እስከ ሚቀጥለው ልደቷ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅባታል። አሥራ ሁለት ጊዜ ስትወለድ 354 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ግድም ነው። በመካከሉ ወደ 11 ቀን ይጎድላል። ጉድለቱ ዝም ከተባለ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ወር ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የዘር ወር ወደ በጋ፣ የአጨዳ ወር ወደ ዝናም መሸሽ ይጀምራል። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል ይህን ነገር ያውቀዋል፤ የእርሱ የፀሐይ ዓመት 364 ቀን ስለ ሆነ ጨረቃ በየዓመቱ 10 ቀን ትጎድላለች ይላል። ይህ መጽሐፍ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር የምድር ዕጣ ነው። ሊቃውንቶቻችን ከዐረብኛ በመጣው ስማቸው አጣርድና ዝሁራ የሚሏቸው ሁለቱ ፕላኔቶች ከነጭራሹ ጨረቃ የላቸውም። መሪኅ ሁለት ጨረቃዎች አሉት፤ ፎቦስ የምትባለው በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ አንድ ጊዜ ስለምትዞረው፣ በመሪኅ ላይ የሚኖር ሰው ቢኖር በአንድ ቀን ሦስት ወር ያልፍበት ነበር። መሽተሪን የሚዞሩትን አራቱን ታላላቅ ጨረቃዎች ጋሊሌዎ በ1610 እ.ኤ.አ. ካያቸው በኋላ የካርታ ሠራተኞች የእነርሱን መሰወርና መገለጥ እንደ ሰዓት እየቈጠሩ የአገሮችን ኬንትሮስ ይለኩ ነበር። ጨረቃን ሰዓት አድርጎ መጠቀም እንግዲህ የባላገር ሥራ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የፕላኔቶቹን ስም በተመለከተም፣ ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ የሚሉትን የደጋ ደብተራ ቢናገር፣ ጋምቤላ የወረደ የሱዳን ነጋዴ ያለ አስተርጓሚ ይሰማው ነበር።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በአራተኛው አንቀጽ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ወርዱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ወደ ላይ ያለው ጋምቤላ ሲሆን፣ ጣቢያው በ1904 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በዚህ ንግድ ላይ በጻፉት ጥናት እንደሚታየው፣ ከጎሬና ከሳዮ አካባቢ የወረደው ቡና እዚህ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ ግሪኮች፣ ሶርያውያንና ሱዳናውያን ነጋዴዎችም በስፍራው ሱቅ ነበራቸው። መርከቡ ግን ዓመቱን ሙሉ አይመጣም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በደጋው የዘነበው ዝናም በብርብርና በገባ ወንዞች ወርዶ ሲሞላው ብቻ ነው። መርከቡ ያመለጠው ቡና የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ስለዚህ በጋምቤላ ዋናው የዘመን መለኪያ፣ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የፈረንጅም ይሁን የአበሻ፣ የወንዙ ውኃ ከፍታ ነበረ።

የደጋው ክርስቲያን ለ11 ቀኑ ጉድለት ያገኘው መልስ ስሌት ነው። ወራቱን ከጨረቃ ነጥሎ እያንዳንዳቸውን 30 ቀን አደረጋቸው፤ ጳጉሜን ጨመረ፤ ጨረቃዋን የሚፈልጋት ለፋሲካና ከእርሱ ጋር ለሚንቀሳቀሱት አጽዋማትና በዓላት ብቻ ነው። ለዚህም 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሊተካከል ጥቂት እንደሚቀረው በማወቅ አበቅቴንና መጥቅዕን አዘጋጀ። አበቅቴው በየዓመቱ በ11 ያድጋል፤ ያ 11 ከላይ የተናገርነው ጉድለት ራሱ ነው። ምሳሌ የሚሆነን 1949 ዓ.ም. ነው። 5500 ሲደመርበት 7449 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 392 ጊዜ ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ከተረፈው አንዱ ለዘመኑ ሲተው ወንበሩ አልቦ፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ይሆናል። (እኔ በመጀመሪያ ስሠራው አንዱን መተው ረስቼ አበቅቴውን 11 አድርጌው ነበር፤ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።) ስሌቱ እጅግ ያማረ ነው። ይሁንና 19ኙ ዓመት ከ235ቱ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚበልጥ፣ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ ከተሠራበት ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ የተጠራቀመው አምስት ቀን ግድም ደርሷል።

የሱዳኑ ሙስሊም ነጋዴ መልስ ሌላ ነው። ጉድለቱን ያውቀዋል፤ ነገር ግን አይሞላውም። ወሩ ከጨረቃዋ ጋር ይሄዳል፣ ዓመቱም ከወሩ ጋር። በዚህም ምክንያት ጣቢያው በተቋቋመበት በ1904 እ.ኤ.አ. ሮመዳን የገባው በጥቅምት ማለቂያ ገደማ፣ መርከቡ በሚቀርበት ወራት ነበረ፤ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ በተመለሰበት በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ገባ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ወቅቶችን ሁሉ አንድ ጊዜ ተኩል ዞሯቸዋል፤ በሙላቱም በድርቁም ጾሞታል። የዚህ አቆጣጠር ጥንካሬ ዓይን ያለው ሁሉ ሊያረጋግጠው መቻሉ ነው። ለእርሻና ለከብት ግን አይመችም።

የኑዌሩን መልስ ለመረዳት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የታወቀ መጽሐፍ ማንበብ ያስፈልጋል። እርሱ የተመራመረው በሱዳን በኩል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ሆኖም ጂካኝ የሚባሉት ኑዌሮች ድንበሩን ተሻግረው በባሮ ታችኛው ክፍል፣ በጂካዎና በአኮቦ አካባቢ ስለሚኖሩ ነገሩ የእኛም ነው። በዚህ መጽሐፍ መሠረት ዓመቱ በሁለት ይከፈላል። ቶት የሚባለው ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ያለው፣ ሰው በመንደሩ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው፤ ማይ የሚባለው ደግሞ የበጋውና ከብት ይዞ ወደ ወንዝ ዳር የሚሰፈርበት ጊዜ ነው። ወሮቹ 12 ናቸው፤ ከነዚህም መካከል ተር፣ ላት፣ ኩር፣ ድዋት ይገኛሉ።

እንግዲህ 12 የጨረቃ ወር ብቻ ያለው፣ አበቅቴ የማያሰላ ሕዝብ እንዴት ወራቱን ከወቅቱ ጋር ያስማማል? የመጽሐፉ ደራሲ የሰጠው ማስረጃ ግልጽ ነው። ኩር የመጀመሪያው የዓሣ ግድብ የሚሠራበት፣ የመጀመሪያው የከብት ሰፈር የሚመሠረትበት ወር ነው። ሰዎች ይህን ሲሠሩ ከታዩ ወሩ ኩር ነው፣ ወይም ለኩር ቅርብ ነው። ድዋት ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደ መንደር የሚገባበት ወር ነው፤ ሰው ጓዙን ይዞ ሲሄድ ከታየ ድዋት መሆን አለበት። የወሮቹን ተራ እየቈጠሩ ቢሄዱ ኖሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደናገሩ ነበር፤ ግን አይቈጥሩም፤ ጨረቃዋ ቀኖቹን ትሰጣለች፣ ስሙን የሚሰጠው ሥራው ነው። ሥራውን የሚወስነው ውኃው ነው።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ በዚያው ምዕራፍ ኑዌሮች እንደ አውሮፓ ቋንቋዎች «ጊዜ» የሚል ቃል እንደሌላቸው፣ ጊዜን እንደሚባክን ወይም እንደሚቆጠብ ነገር አድርገው እንደማይናገሩ ጽፏል። ይህች ቃል ከመጽሐፉ ተነጥላ ስትጠቀስ «ዘመን መቁጠር የማያውቁ» የሚል ትርጉም ትሰጣለች። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። በጥንት ዘመን የኢየሩሳሌም ዳኞች ወሩን በስሌት ከመወሰናቸው በፊት የሚያደርጉትን እንመልከት። የፋሲካው ወር ሊገባ ሲል የገብሱን እሸት፣ የዛፉን ፍሬና የፀሐይን ወቅት ያያሉ፤ ካልደረሰ አንድ ወር ጨምረው ዓመቱን 13 ወር ያደርጉታል። ይህን የጻፈ ሁሉ የዘመን አቆጣጠር ታሪክ ብሎ ይጽፈዋል። የኑዌሩ ዘዴ ከዚህ በምን ይለያል? በአንዱ ገብስ፣ በሌላው የዓሣ ግድብ ምስክር ሆነ። ልዩነቱ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ተቀምጦ መወሰኑ፣ በባሮ ግን ሁሉም ሰው በእግሩ መወሰኑ ነው።

ምስክሩ የታመነ መሆኑን ደግሞ የሰማዩ ሥርዓት ያረጋግጣል። ጋምቤላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ከሩብ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ በቀትር ልክ ከራስ በላይ ትቆማለች። ዝናሙ የፀሐይን ወደ ሰሜን መሄድ እየተከተለ ይመጣል፤ የደጋው ጎርፍ ዝናሙን፣ የባሮ ሙላት ጎርፉን ይከተላል። የአኙዋክ ገበሬ ውኃው ሲሸሽ በዳርቻው ርጥብ መሬት ላይ በቆሎ ሲዘራ፣ የኑዌር ከብት ጠባቂም ሰፈሩን ሲያነሣ፣ ሁለቱም የሚያነቡት በውኃ የተጻፈ የፀሐይ ቁጥር ነው። ወንዙ ለእነርሱ የአበቅቴን ሥራ ይሠራል። እንደ ስሌቱ ጥርት ያለ አይደለም፤ ዝናም አንዳንድ ዓመት ይዘገያል። ነገር ግን ስሕተቱ በየዓመቱ ራሱን ያርማል እንጂ ለሦስት መቶ ዓመት አይጠራቀምም።

እነዚህን አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ለማስተያየት 1949 ዓ.ም. ይመቻል። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ከላይ እንዳሰላነው የ19ኙ ዓመት ዑደት አዲስ የጀመረውና አበቅቴው አልቦ የሆነው በዚሁ በ1949 ነው። መጥቅዑ 30 ስለ ሆነ በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት የጨረቃዋ ሠርቅ በመስከረም 30 ቀን ይውላል። በሰማይ ግን ጨረቃዋ የተወለደችው መስከረም 24 ቀን ነበረ። ኑዌሮች አዲሲቱን ጨረቃ ሲያዩ ግንባራቸውን ዐመድ እንደሚቀቡና ወደ እርሷም ዐመድ እየበተኑ አጭር ጸሎት እንደሚያደርሱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስለ ኑዌር ሃይማኖት በሚናገረው መጽሐፍ ጽፏል። ደመና ካልጋረዳት፣ በጂካዎ በኩል ያለ ሰው ቀጭኗን ጨረቃ መስከረም 25 ቀን ማታ በምዕራብ በኩል ለማየት ይችል ነበር፤ ባሮም ያን ጊዜ ገና ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበረ።