የኤም 5 ሁለተኛ ባለቤቶች

ቢ.ኤም.ደብልዩ ኤም 5 አዲስ ሳለ የባለጸጋ መኪና ነው፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን በመካከለኛ ደመወዝ የሚተዳደር ሰውም ሊገዛው ይችላል። የመኪናው ዋጋ እንዲህ ሲወርድ የመለዋወጫው ዋጋና የመካኒኩ የሰዓት ክፍያ አብረውት አይወርዱም። በጀርመንና በአሜሪካ ያገለገለ ኤም 5 የገዙ ሰዎች ይህን ልዩነት ለመረዳት አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ አንዳንዶቹም የተማሩት ሞተር አቃጥለው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙኒኩ ኩባንያ የእሽቅድምድም ክፍሉን ራሱን የቻለ ድርጅት አድርጎ ያቋቋመው በ1972 ነው። ይህ ክፍል በ1978 ኤም 1 የተባለ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና አወጣ። መኪናው ብዙ ባይሸጥም 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 24 ቫልቭ የሆነው ሞተሩ ከእሱ የረዘመ ዕድሜ አገኘ። ያው ሞተር ተሻሽሎ በባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ውስጥ ተገጠመና በ1985 መጀመሪያ በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ኤም 5 ተብሎ ቀረበ። 286 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ከተራው 5 ተከታታይ መኪና እምብዛም አይለይም።

ይህ የመጀመሪያው ትውልድ፣ በኩባንያው መለያ ኢ28፣ በጥቂት ሠራተኞች እጅ የተገጣጠመ ነው። ሞተሩ ከእሽቅድምድም ስለመጣ ክትትል ይፈልጋል፤ የቫልቮቹ ክፍተት በየጊዜው እየተለካ በስስ የብረት ክቦች መስተካከል አለበት። ሥራው ሰዓት ይበላል እንጂ ምሥጢር የለውም። መለኪያና ትዕግሥት ያለው መካኒክ ይሠራዋል፤ ባለቤቱም ምን ያህል እንደሚያስወጣው አስቀድሞ ያውቃል።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የተነሣው ከብልሽት ሳይሆን ከቁጥር ነው። 500 መኪኖች ብቻ እንደሚመጡ ማስታወቂያ ተነግሮ ሳለ ከሺህ በላይ ገቡ። ብርቅ ነው ብለው የከፈሉት ሰዎች ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ1993 በስምምነት ሲያልቅ አዲስ ቢ.ኤም.ደብልዩ ሲገዙ የሚቀነስላቸው የ4,000 ዶላር ኩፖን ተፈቀደላቸው። ሰው መኪናውን ገና ከአዳራሹ ሳያወጣ መልሶ የሚሸጥበትን ዋጋ እንደሚያሰላ ከዚህ ክስ በላይ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

ከ1988 እስከ 1995 የተመረተው ኢ34 በዚያው መንገድ ቀጠለ። ሞተሩ ወደ 3.6፣ ኋላም ወደ 3.8 ሊትር አደገ፤ ጉልበቱም 340 ደረሰ። በእጅ የተገጣጠመው የመጨረሻው ኤም 5 እሱ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1998 ነው። ኢ39 በዲንጎልፊንግ ፋብሪካ ከሌሎቹ የ5 ተከታታይ መኪኖች ጋር በአንድ መስመር ላይ ተሠራ፤ ከ20,000 በላይም ተመረተ። በስድስቱ ሲሊንደር ፋንታ 4.9 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደርና ባለ 400 የፈረስ ጉልበት ሞተር ገባለት፤ ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ባለ 6 ማርሽ ብቻ ነበር። ብዙዎች እስከ ዛሬ ምርጡ ኤም 5 ይኸው ነው ይላሉ፤ ነገሩ ስለ መንዳት ብቻ ከሆነ መከራከር ይከብዳል።

መያዙ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ዘይት ይበሉ ስለነበር ኩባንያው በ2000 የፒስቶን ቀለበቶቹን ለወጠ፤ 10ደብልዩ-60 የተባለውን ወፍራም ዘይትም አዘዘ። የተቀሩት ችግሮች ብቅ ለማለት ዓመታት ፈጁ። ቫኖስ የሚባለው፣ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክለው ክፍል፣ ዕድሜው ሲገፋ መንኳኳት ይጀምራል። የሞተሩን ሰንሰለት የሚመሩት ፕላስቲኮች ከሙቀት ብዛት ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ፕላስቲኩ ራሱ ርካሽ ነው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን የሞተሩን የፊት ክፍል በሙሉ መፍታት ግድ ስለሚል ኪስ የሚያራቁተው የመካኒኩ ሰዓት ነው።

ይህ ወጪ የመጀመሪያውን ባለቤት አያገኘውም። በአሜሪካ አዲስ ቢ.ኤም.ደብልዩ የ4 ዓመት ወይም የ50,000 ማይል ዋስትና ነበረው፤ በ2000ዎቹ መደበኛው ሰርቪስም ለዚያው ጊዜ በነፃ ይሰጥ ነበር። የሰርቪሱን ሒሳብ ኩባንያው በሚከፍልበት በዚያ ዘመን በሁለት የዘይት ቅያሪዎች መካከል ያለው ርቀት እስከ 15,000 ማይል መራዘሙ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ለማመን የዋህ መሆን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ መኪኖች ደግሞ በሊዝ የተወሰዱ ነበሩ፤ ሦስት ዓመት ነድቶ የሚመልስ ሰው ሞተሩ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ዕዳው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ባለቤት ይተላለፋል።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጥናት የዚህ ዓይነቱን ገበያ ችግር አስቀድሞ ገልጾት ነበር፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ሲጋራ ስሙ በዋናነት የተነሣውም በዚሁ ሥራ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ መካከለኛ ዋጋ ይገምታል፤ ጥሩ መኪና ያለውም በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1985 ጀምሮ ያገለገለ መኪና ነጋዴዎች ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ወረቀት በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፉ አስገድዷል። ወረቀቱ ግን በሞተሩ ውስጥ ስላለው ነገር የሚናገረው የለም።

የዚህ ሁሉ ጥግ በ2005 የመጣው ኢ60 ነው። 5 ሊትር፣ ባለ 10 ሲሊንደርና ባለ 507 የፈረስ ጉልበት የሆነው ሞተሩ በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይሽከረከራል። የዓመቱ ዓለም አቀፍ ሞተር የተባለውን ሽልማት በ2005 እና በ2006 ተከታትሎ ወሰደ፤ ሸላሚዎች የሚመዝኑት ግን አዲስ ሞተር ነው። በአሜሪካ ከ80,000 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ይህ መኪና በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ20,000 በታች መገኘት ጀመረ።

ዋጋውን ከጣሉት ነገሮች ዋናው የቢየላ ኩሽኔታ ነው፤ ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚገባው ባለ ሁለት ግማሽ ስስ ቅርፊት። በዚህ ሞተር ላይ ቅርፊቱ ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ዘይቱ ሳይሞቅ የሚረገጥ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። እያለቀ መሆኑን ብዙ ጊዜ በድምፅ አይናገርም፤ በተናገረ ጊዜ ኮሎው ተበልቷል፤ የሚቀየረውም ሙሉ ሞተር ነው፣ ዋጋውም ከመኪናው ጋር የሚወዳደር። ለታናሹ ለኤም 3 ሞተር ኩባንያው ኩሽኔታውን በራሱ ወጪ ቀይሮ ዋስትናውንም አራዝሞ ነበር፤ የባለ 10 ሲሊንደሩ ባለቤቶች በአብዛኛው ከኪሳቸው ከፍለዋል።

ካምቢዮውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ኤስ.ኤም.ጂ. የተባለው ባለ 7 ማርሽ ውስጡ የእጅ ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በሰው እግር ፋንታ የሚያሠራው ሃይድሮሊክ ነው፤ የሃይድሮሊኩ ፓምፕ ከሞተ መኪናው ባለበት ይቀራል። ለአሜሪካ ገበያ በኋላ የተጨመረውን ባለ 6 ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ዛሬ ገዢዎች የሚሻሙበት ለዚህ ጭምር ነው። የአየር ማስገቢያውን የሚከፍቱት ሁለት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም ይበላሻሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው ጉልበቱን ቀንሶ ይሄዳል። በአውሮፓ መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 14.8 ሊትር የሚጠጣ ስለሆነ 70 ሊትር የሚይዘው ታንከር 500 ኪሎ ሜትር አያደርስም።

ከዚህ ፍርሃት አዲስ የግዢ ልማድ ተወለደ። ኩሽኔታው እንደ ጎማ የሚያልቅ ዕቃ ተደርጎ ሳይጮህ በፊት መቀየር ጀመረ። ሞተሩ ሳይወርድ፣ የዘይት መያዣው ከታች ተፈትቶ የሚሠራ ሥራ ሲሆን በአሜሪካ ጋራዦች ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ያስወጣል። ሻጮች የወጡትን አሮጌ ቅርፊቶች ፎቶ አንሥተው ከደረሰኙ ጋር ያሳያሉ። ጠንቃቃ ገዢ የተቀዳ ዘይት ወደ ላቦራቶሪ ልኮ የብረቱን መጠን ያስለካል፤ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥቶ ያዳምጣል፤ መኪናው ገና 2,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ መደረግ የነበረበት የመጀመሪያ ዘይት ቅያሪ መመዝገቡንም ይጠይቃል። በዚህ ልማድ ትንሽ መነዳት ብቻውን መመኪያ መሆኑ ቀረ። 60,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ ወረቀት የሌለው መኪና፣ 180,000 ነድቶ ኩሽኔታው፣ ፓምፑና ፍሪሲዮኑ ከነደረሰኙ ከተቀየረለት ይልቅ ያስፈራ ጀመር።

በ2011 የተተካው ኤፍ10 ወደ ስምንት ሲሊንደር ተመለሰ፤ ሁለት ቱርቦ ታክሎለት 560 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ቱርቦዎቹ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ስለተቀመጡ ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን ቱቦና ፕላስቲክ ያደርቃል። በ2012 በዘይት ፓምፑ ዘንግ ችግር የተነሣ አንዳንድ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። ቀጣዩ፣ በ2017 የቀረበው ኤፍ90፣ ተራ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አገኘ፤ የስፖርት ወዳጆች ቢያጉረመርሙም ለሁለተኛ ባለቤት የተሻለ ዜና ነው፤ ካምቢዮውን የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው አለና።

የቆዩት ሞዴሎች ሁኔታ ደግሞ ተገልብጧል። የኢ28 እና የኢ39 ዋጋ ከወደቀበት ተነሥቶ እየጨመረ በመሄዱ ለጥገና የወጣ ገንዘብ በሽያጭ ጊዜ በከፊል ይመለሳል። ኢ60 ገና በመሃል ነው፤ ባለ 10 ሲሊንደር ብቸኛው ኤም 5 መሆኑ ዋጋውን ወደ ላይ ሲጎትት የኩሽኔታው ስም ወደ ታች ይጎትተዋል።

በ2024 የወጣው አዲሱ ትውልድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ያጣምራል፤ ጉልበቱ 727 ሲሆን ክብደቱ ከ2,400 ኪሎ በላይ ነው። የባትሪው ዋስትና 8 ዓመት ነው። የዚህ መኪና ሁለተኛ ባለቤቶች መምጣት የሚጀምሩት የመጀመሪያዎቹ ሊዞች ሲያልቁ ነው፤ ሻጩን የሚጠይቁትም ስለ ዘይት ቅያሪ ብቻ ሳይሆን ከስምንቱ ዓመት ስንቱ እንደቀረ ጭምር ይሆናል።