የሞተር ጀልባ መሪ መክበድ

የሞተር ጀልባ መሪ መክበድ ከኋላ በሚገጠም ሞተር የምትሄድ ትንሽ ጀልባ መሪዋ አልዞር ሲል ወይም ለመዞር ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ሲጠይቅ የሚታይ ብልሽት ነው። እንዲህ ባለች ጀልባ አቅጣጫ የሚቀየረው ሞተሩ ራሱ ከነፕሮፔለሩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር ነው። ስለዚህ መሪው ሙሉ በሙሉ ከተያዘ ጀልባዋ ሞተሯ እየሠራም ቢሆን መታጠፍ አትችልም። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ ሐይቅ መሃል ሳይደርስ ዳር ላይ ሊታወቅ ይችላል።

በጣና ሐይቅ

የፎገራ ሜዳ የሚገኘው በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲሆን የጉማራና የርብ ወንዞች በዚሁ ሜዳ አልፈው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። የሐይቁ ነባር መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው፤ ታንኳ የሚመራው በቀዛፊው እጅ ስለሆነ የሚዝግ መሪ የለውም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው።

ጣና ጨው አልባ በመሆኑ ብረት እንደ ባሕር ውኃ በፍጥነት አይበላበትም። ነገር ግን ወንዞቹ በክረምት ብዙ ደለል ይዘው ይገባሉ፤ ጭቃው ከግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርቅ ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን ያጣብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭም በሞተሩ የታችኛው ክፍል ላይ ሲጠመጠም አሽከርካሪው መሪው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። በመሆኑም ከሁሉ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውኃው አንስቶ ማየት ያስፈልጋል።

አሠራሩ

መሪ ሁለት ዓይነት ነው። በትናንሽ ሞተሮች ላይ አሽከርካሪው ከሞተሩ ጋር የተያያዘውን እጀታ ይዞ ይመራል። እዚህ ላይ ኬብል ስለሌለ ምክንያቱ ከሁለት አያልፍም፦ ወይ ሞተሩ የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ ግራሶ ደርቆበታል፣ ወይ የመሪውን ጥብቀት የሚቆጣጠረው ብሎን ከመጠን በላይ ጠብቋል።

በሁለተኛው ዓይነት እንደ መኪና ክብ መሪ አለ። መሪው ሲዞር በሽፋን ውስጥ ያለ ኬብል ይገፋል ወይም ይስባል። የኬብሉ ጫፍ የብረት ዘንግ ሲሆን ሞተሩ ወደ ላይ በሚነሳበት አግድም ቱቦ ውስጥ እየተንሸራተተ በማገናኛ ክንድ አማካይነት ሞተሩን ያዞራል። መሪ በብዛት የሚያዘው በዚህ ዘንግና ቱቦ መካከል ነው፤ ውኃ ይገባል፣ ግራሶው ይደርቃል፣ ዝገት ይከተላል።

ምርመራ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ግራሶ በመጨመር ነው። ይህ ግን ችግሩ የት እንዳለ አይነግርም። የሚሻለው ሞተሩን አጥፍቶ፣ የማገናኛ ክንዱን ከሞተሩ ፈትቶ፣ ሞተሩን በእጅ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መግፋት ነው። ሞተሩ ብቻውን ከከበደ ችግሩ ያለው ቋሚ ዘንጉ ላይ ነው። ሞተሩ ቀልሎ መሪው አሁንም ከከበደ ደግሞ ችግሩ ኬብሉ፣ አግድም ቱቦው ወይም ከክቡ መሪ ሥር ያለው ጥርስ ነው።

ጥገና

ቋሚ ዘንጉ የግራሶ መግቢያ ካለው ውኃ የማያጥበው የጀልባ ግራሶ በፓምፕ ይሞላል፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ሞተሩን እያዞሩ መጨመር ይገባል። መግቢያው አልቀበል ካለ በደረቀ ግራሶ ተደፍኗል ማለት ስለሆነ ተፈትቶ ይጸዳል። የተያዘን ዘንግ በእሳት ማሞቅ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም ቤንዚን ባለበት ጀልባ ላይ አደገኛ ነው።

ለኬብሉ ጫፍ ግራሶ ሲሰጥ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው ውስጥ የገባ መሆን አለበት። ወጥቶ ሳለ ከተሞላ የታጨቀው ግራሶ ዘንጉን ተመልሶ እንዳይገባ ሊያግደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ለማቅለል የተሠራው ሥራ መሪውን ይቆልፈዋል። ዘንጉ ዝጎ ከተጣበቀ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተደርጎበት ለሰዓታት ይቆያል፣ ከዚያ ተስቦ ይወጣል። ቱቦው ውስጡ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። በመዶሻ መምታት ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም ቢቀባ አይንሸራተትም።

ኬብሉ ከሽፋኑ ውስጥ ከዛገ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው። ሽፋኑ ድፍን በመሆኑ ግራሶ ወደ ውስጥ አይደርስም፤ ለጊዜው የቀለለ ቢመስልም ዝገቱ ኬብሉን መብላቱን ይቀጥላል። አዲሱ ኬብል ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ሆኖ በጠባቡ ሳይታጠፍ መዘርጋት አለበት። በጠባቡ የታጠፈ ኬብል አዲስም ቢሆን ይከብዳል። የማገናኛ ክንዱ ሲመለስ በራሱ የማይላላ ዳዶ ይታሰርበታል፤ ይህ ዳዶ ከወለቀ ጀልባዋ በድንገት መሪ አልባ ትሆናለች።

መሪው ቆሞ ሳለ ቀላል ሆኖ በጉዞ ላይ ብቻ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ኬብሉን መፍታት አያስፈልግም። በአብዛኞቹ ሞተሮች ከፕሮፔለሩ በላይ ትንሽ ክንፍ አለች። ሞተሩ ጠፍቶ የክንፏ የኋላ ጫፍ ጀልባዋ ወደምትስብበት ጎን በጥቂቱ ይዞራል፣ ከዚያ በጉዞ ይሞከራል።