ከንቅሳት እስከ ራስ ቆዳ፦ የአንዲት መርፌ ታሪክ

ፀጉራችሁ ሲሳሳ የምትሰሙት ምክር አያልቅም። አንዱ «ቅቤ ተቀቡ» ይላል፣ ሌላው «ተላጩት፣ ወፍሮ ይበቅላል» ይላል። አሁን ደግሞ በጥቃቅን መርፌዎች የተሞላ ትንሽ ሮለር በራስ ቆዳ ላይ ማንከባለል መጥቷል። ልደታ ፀጉር ቤት ውስጥ ወረፋ እየጠበቀ ስልኩን ለሚነካካ ወጣት ነገሩ አዲስ ሊመስለው ይችላል። መርፌዋ ግን ለእኛ አገር ቆዳ እንግዳ አይደለችም።

እስቲ አያቶቻችንን አስታውሱ። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ እናቶች ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ድርድር ንቅሳት፣ ድዳቸው ላይ ውቅራት አላቸው። ነቃሿ ጥላሸቱን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ቆዳ ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ በኋላ ሁላችንም የምናየው ቀለሙን ነው። ታዲያ ቀለሙን ትተን መርፌውን ብቻ ብናየውስ? ቆዳውን ምን ያደርገዋል?

መልሱ የመጣው በአጋጣሚ ነው። ካሚራንድ እና ዱሴ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች፣ ከቆዳው የነጣ የፊት ጠባሳን ለመሸፈን የቆዳ ቀለም ያለው ንቅሳት ይሠሩ ነበር። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ቀለሙ ጠፋ፤ ጠባሳው ግን ተሻሽሎ ተገኘ። ከዚያ በንቅሳት ማሽኑ ያለ ቀለም መውጋት ጀመሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የደቡብ አፍሪካው ቀዶ ሐኪም ዴዝሞንድ ፈርናንዴስም ኬፕታውን ውስጥ በዚሁ ሐሳብ ላይ ይሠራ ነበር፤ በመርፌ የተሞላውን ሮለር በማስተዋወቅ የሚታወቀው እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆዳ ሲወጋ ሰውነት «ተጎዳሁ» ይልና ጥገና ይጀምራል። የደም አርጊ ህዋሶች ወደ ቦታው ይመጣሉ፣ እድገትን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ታዲያ ይህ የጥገና ጥሪ እንቅልፍ ላይ ያለውን የፀጉር ሥርም ይቀሰቅሰው ይሆን?

ጥያቄውን በቁጥር የፈተኑት የሙምባይ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በዘር የሚመጣ የፀጉር መሳሳት ያለባቸውን 100 ወንዶች ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም ሚኖክሲዲል ይቀቡ ነበር። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ በሚወስዱት ሰዎች ላይ ፀጉር ሲያበቅል ስለታየ ነው ወደ ቅባትነት የተለወጠው። ግማሾቹ በተጨማሪ በሳምንት አንዴ 1.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው መርፌ ይወጉ ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ ለቆጠራ በተመረጠው ቦታ ላይ የፀጉሩ ቁጥር በተወጉት በአማካይ በ91 ገደማ ጨመረ፤ ቅባት ብቻ በተጠቀሙት ደግሞ በ22። ውጤቱን የገመገሙት ሰዎች ማን እንደተወጋ አያውቁም ነበር።

ቁጥሩ ደስ ይላል። እኔ ግን ምህንድስና የተማርኩ ነኝና አንድ ማሽን ሲሠራ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ሁኔታ ተፈተነ?» ብዬ ነው። እዚህ የተፈተኑት ወንዶች ብቻ ናቸው፣ የመሳሳታቸው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፣ ጊዜው 12 ሳምንት ነው። መርፌውን ለብቻው የሞከረ ቡድንም አልነበረም። ስለዚህ ጥናቱ «መርፌ ቅባቱን ያግዛል» ይላል እንጂ «መርፌ ፀጉር ያበቅላል» አይልም።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ፀጉር የሚሳሳው በዘር ብቻ አይደለም። አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ የፊት መስመሩን ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ይህ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1907 የተመዘገበው ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር፤ ስለዚህ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መፍትሔው ሥሩ ሳይሞት ሹሩባውን ማላላት ነው፤ የሚጎትተው ነገር እያለ መርፌ ምን ይፈይዳል? የራስ ቆዳ ፈንገስ ከሆነ ደግሞ መውጋት ኢንፌክሽኑን ሊያሰራጨው ይችላል። ጠባሳቸው የሚያብጥባቸው፣ ማለትም ኬሎይድ የሚወጣባቸው ሰዎችም መጠንቀቅ አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን አንርሳ፦ ስለታም ነገር በጋራ አንጠቀምም። ሮለሩ ላይ ያሉት በደርዘን የሚቆጠሩ መርፌዎች እያንዳንዳቸው ደም ይነካሉ። ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ለምላጭ አንድ ሕግ፣ ለውበት ዕቃ ሌላ ሕግ የላቸውም። የእህት፣ የጓደኛ፣ የፀጉር ቤት ሮለር ብሎ ነገር የለም።

ስለዚህ ፀጉራችሁ ከሳሳ መጀመሪያ ምክንያቱን እወቁ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ነው፣ አለርት ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። አንድ ሰው መርፌ ይዞ ወደ ራሳችሁ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የኔ ፀጉር የሚሳሳው ለምንድን ነው? መርፌው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ከኔ በፊት ማንን ነክቷል? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።