የሌሊቱ ዋጋ

ስለ ሶላር ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ፓኔል ይበቃኛል?» የሚለው ነው። ታሪኩን ሳነብ ግን ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር የችግሩ ግማሽ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ዋናው ራስ ምታት ሁልጊዜም ሌሊቱ ነበር።

ሲጀመር ባትሪው ታላቅ፣ ፓኔሉ ታናሽ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ደጋግሞ ቻርጅ የሚደረገውን የእርሳስና አሲድ ባትሪ የሠራው በ1859 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም ብዙ መኪና የሚያስነሳው የዚያ ባትሪ የልጅ ልጅ ነው። ለሥራ የሚበቃው የሲሊከን ሶላር ሴል ግን በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ለሕዝብ የታየው 95 ዓመት ቆይቶ፣ በ1954 ነው። ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 በመቶ ገደማ ነበር።

አወላለዱ ደስ ይላል። መሐንዲሱ ዳሪል ቻፒን ቤት አብራ አልተባለም። በሞቃትና እርጥበታማ አገሮች ለስልክ የሚያገለግለው የባትሪ ድንጋይ እየተበላሸ ስላስቸገረ ምትክ ፈልግ ተባለ። ከካልቪን ፉለርና ከጄራልድ ፒርሰን ጋር ሴሉን ሠሩ። በ1955 በጆርጂያ ግዛት፣ አሜሪከስ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ በገጠር ስልክ መስመር ላይ ሲሞከር ግን ባትሪ ተመልሶ መጣ፤ ቀን የተረፈውን አጠራቅሞ ለሌሊት እንዲያቀብል። ነገሩ ሠራ፤ ዋጋው ግን አልቀመስ አለ።

እኛም ጋ ቶሎ ደርሷል። በ1985 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት መንደር 10.5 ኪሎዋት ሶላር ለ300 ቤተሰብ ተተከለ። አካፍሉት፤ ለአንድ ቤት 35 ዋት ይደርሰዋል። አምፖልና ሬዲዮ ነው በቃ። በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት ሲያድግ የተጨመረው ሥራ የውኃ ፓምፕና ወፍጮ ነበር። ሁለቱም ፀሐይ እያለች ሊሠሩ የሚችሉ፣ ሌሊቱን የማይሻሙ ሥራዎች ናቸው።

ለእናቴ ቤት ዕቅድ ሳወጣ በዚሁ መንገድ ሄድኩ። ከሁሉ በፊት ቤቱ በቀን የሚፈጀውን በዋት ሰዓት ጻፍኩ፦ አምስት አምፖል 250፣ ፍሪጅ 1,000 ገደማ፣ ቴሌቪዥን 240፣ ዋይፋይ 240፣ ስልኮች 60። ድምሩ 1,790። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል፤ ስለዚህ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ያስፈልጋል። ሊትየም አይረን ፎስፌት 80 በመቶውን ቢሰጥ አይከፋውም፤ 2.25 ይበቃል። ይህን ዓይነት ባትሪ በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የጆን ጉድኢነፍ ቡድን ነው፤ ሰውየው በ2019 በሊትየም ባትሪ ሥራው ኖቤል ተጋርቷል። ፓኔሉን ያሰላሁት በጥር ፀሐይ አይደለም፤ በሐምሌ ደመና ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ይገኛል ብዬ፣ መንገድ ላይ የሚባክነውን ጨምሬ፣ 800 ዋት ገደማ ወጣ።

ከዚያ የእንጀራ ምጣዱ መጣ። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የቀረው ቤት በሦስት ቀን ከሚፈጀው ይበልጣል። እናቴ «ታዲያ እንጀራ የማይጋግር መብራት ምን ይረባል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ምጣዱን ካስገባን ባትሪውም ኢንቨርተሩም በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ያን ያህል ገንዘብ ደግሞ የለንም። ተከራክረን ተስማማን፦ ምጣዱ መብራት ባለ ቀን በመስመሩ ይጋገርበታል፤ ፍሪጁና አምፖሉ ግን መብራት ቢሄድም አይጠፉም።

እናንተም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ከቤተሰብ ጋር ተቀመጡ። «መብራት ሲሄድ የቱ ባይጠፋብን?» ብላችሁ ጻፉ። ባትሪውን ያ ዝርዝር ይወስነዋል፤ ፓኔሉን ደግሞ ባትሪው።