ግድግዳው ምን ይሸከማል?

በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዕይታ ካላማለለው በቀር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጭቃ፣ የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ጎን ለጎን ቆሞ ያያል። ቤት ሠሪው ግንበኛውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያስወጣል?» ብሎ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ግድግዳው ምን ይሸከማል?

ግድግዳ በሥራው ሁለት ዓይነት ነው። ተሸካሚ ግድግዳ የጣሪያና የወለል ክብደት ተቀብሎ ወደ መሠረት ያወርዳል። አካፋይ ግድግዳ ከራሱ ክብደት በቀር የሚሸከመው የለም፤ ሸክሙ የኮለኑና የቢሙ ነው።

የድንጋይ ግንብ፦ በአገራችን በይበልጥ ለመሠረት ያገለግላል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሚገነባውም አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ነው። ድንጋይ ከላይ የሚጫነውን ክብደት አጥብቆ ይችላል፤ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ግን ይጎዳዋል። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ያሉት ኮንሶዎች ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ የሠሯቸው እርከኖችና የመንደር ካቦች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ብሎኬት፦ ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ይሆናል። ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ወይም 13 ብሎኬት ይበቃል። ባለ 20 እና ባለ 15 በአብዛኛው ለውጭ፣ ባለ 10 ለውስጥ ክፍልፋይ ይውላል። ብሎኬት በጥንካሬው በሦስት ደረጃ ይመደባል፤ ሦስተኛው ደረጃ ለሸክም አይሆንም። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት ከተማ ብሎኬትም ሆነ ግንቡ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ ካልጠጣ ቶሎ ይደርቅና ጥንካሬውን ያጣል። በእጅ ሲታሽ ጠርዙ የሚራገፍ ብሎኬት ይህ የደረሰበት ሊሆን ይችላል።

የሸክላ ጡብ፦ የቀን ሙቀት ወደ ቤት ቶሎ እንዳይገባ ይከላከላል፤ በደንብ የተቃጠለው ሲመታ ይጮኻል። ክብደቱ ግን ለመሠረቱ ተጨማሪ ጫና ነው።

ጭቃ ቤት፦ ሸክሙ የእንጨቱ እንጂ የጭቃው አይደለም። ቀሎና ተወዛዋዥ በመሆኑ መሬት ሲንቀጠቀጥ ካልታሰረ ከባድ ግንብ ይሻላል። ጠላቶቹ ምስጥና እርጥበት ናቸው። ከጨንቻ በታች ያሉት የዶርዜ ሰዎች ለዚህ የራሳቸው መላ አላቸው፤ ከቀርከሃ የተሠራው ቤታቸው ከሥሩ ሲበላ እያጠረ ለዓመታት ይኖራል፤ ተነሥቶም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል።

ይህን ሁሉ ማወቅ የሚጠቅመው አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ በመሆኗ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። መሬት ሲንቀጠቀጥ በኮለንና በቢም ያልታሰረ ተሸካሚ ግንብ ይሰነጠቃል፤ ከኮለኑ ጋር ያልተያያዘ አካፋይ ግድግዳም ወደ መንገደኛው ሊወድቅ ይችላል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077፣ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። በአንቀጽ 3039 ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ አሥር ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውል ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ለተጎጂው ከፍሎ ወደ ተቋራጩ ሲመለስ ግን ምን እንደተዋዋሉ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ስለዚህ ከመፈራረም በፊት የብሎኬቱ ደረጃና ውፍረት፣ የሲሚንቶና የአሸዋው ልክ፣ ውኃ የሚጠጣበት ቀን ብዛት፣ ግድግዳው ከኮለኑ ጋር የሚታሰርበት መንገድ በውሉ ይስፈር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።