ያልተጻፈው ሙያ፦ ወጌሻነት በፎገራ ሜዳ

የፎገራን ሰው አጥንት የሚሰብረው ገደል አይደለም፤ ገደል ከየት አምጥተን! በሬ ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣና ከመግባታቸው በፊት ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ክረምት ሲገባ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ገበሬው እርፍ እንደጨበጠ ያዳልጠዋል፤ በሬው ይረግጠዋል። የፎገራ ከብት ደግሞ በወተቱም በጉልበቱም ስም ያለው ዘር ነው፤ ከረገጠ ረገጠ ነው። ከበሬው የተረፈውን የወረታ መንገድ ይቀበለዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነውና መኪና አይጠፋም።

ስለዚህ በአካባቢያችን ወጌሻ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አያቴ ወጌሻ ነበሩ፤ አባቴም እንዲሁ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ጤና ረዳት ሆንሁ፤ በዚያው ጡረታ ወጣሁ። ሙያውን የወረሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁለቱንም ቤት ስለማውቅ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል፦ የሀገራችን ሕክምና ታሪክ ሲወራ ደብተራው አለ፣ ቅጠሉ አለ፣ ዛሩም አለ፤ ወጌሻው ግን እግረ መንገድ ይጠቀስና ይታለፋል።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ታሪክ ጸሐፊ የሚፈልገው የሚገለበጥ ብራና ወይም ደርቆ የሚወሰድ ቅጠል ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1699 ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አዲያም ሰገድ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር ገባ፤ ያየውንም ጻፈ። በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ካስታመመ በኋላ ወደ ዓባይ ምንጭ ሲጓዝ በእንፍራንዝ በኩል ይህንኑ የእኛን ሜዳ አቋርጧል። ይህ ሰው ተቅማጥ ይዞት የሀገሬው መድኃኒት ዋጊኖስ አዳነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው አባሎ የሚለው ዛፍ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንትም ዛፉን በእሱ ስም ብሩሲያ አሉት። ያዳነው ሰው ሳይሆን የዳነው ሰው ስም ቀረ፤ እንግዲህ ምን ይባላል! ማርሴል ግሪዮል ደግሞ የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ በ1930 ፓሪስ ላይ አሳተመ። ከእሱ ጋር የመጣው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ከዛር ቤት ሲውል ሲያመሽ ከረመና በኋላ መጽሐፍ ሠራበት። ወጌሻ ግን ብራና የለውም፤ ክታብ አይጽፍም፤ መንፈስም አይጠራም። ሙያው ያለው አውራ ጣቱ ላይ ነው፤ አውራ ጣት ደግሞ ወደ ፓሪስ አይጫንም።

አባቴ ሕመምተኛ ሲመጣለት መጀመሪያ ለጋ ቅቤ ያስመጣል። እጁን ይቀባና ያበጠውን ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ ወደ ታች ይሄድበታል። ወለምታ ከሆነ ያሻል፤ ከወለቀ ይመልሳል፤ ከተሰበረ ያስራል። ሦስቱን የሚለየው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ራጅ የለ፣ ምን የለ። ትከሻ የወለቀበት ገበሬ ከሆነ ጨዋታ ይጀምርለታል። ‹‹የቀኙ በሬህ ስሙ ማን ነው?›› ‹‹ቦራ።›› ‹‹የግራውስ?›› ሰውየው የግራውን ስም ሊጠራ ትንፋሹን ሲያወጣ፣ ጡንቻው ሲላላ፣ ትከሻው ቦታው ገብቷል። የግራው በሬ ስም አብዛኛውን ጊዜ በጩኸት ይቀራል። ይህን አዲስ አበባ ዮጋ ለምታስተምረው የእህቴ ልጅ ብነግራት ‹‹ጋሼ፣ እኛም እኮ ሰውነት ሲታጠፍ ትንፋሽ ይውጣ ነው የምንለው›› አለችኝ። ሳቅሁ። የሕንዶቹ ጥበብ መጽሐፍ አለው፤ በፈረንጆቹ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ያወጀው ቀን አለው፣ ሰኔ 14 ቀን በዓለም ዙሪያ ይከበራል። የአባቴ ያለው በሬ ላይ ነው።

ስብራት ሲሆን ሸንበቆ ይሰነጥቃል፤ ስንጥሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በነጠላ ቅዳጅ ያስራል። ካሰረ በኋላ የሕመምተኛውን ጥፍር ጫን አድርጎ ይለቅቃል፤ የነጣው ጥፍር ቶሎ ካልቀላ ፈትቶ እንደገና ያስራል። ለቤተሰቡም ‹‹ሌሊት ጣቱን ዳስሱት፤ ከቀዘቀዘ ጎሕ እስኪቀድ አትጠብቁ፣ ፍቱት›› ይላል። ጤና ረዳት ሆኜ ስሠለጥን ይህንኑ የጥፍር ነገር አስተማሩኝ፤ ቤቴ የለመድሁት መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም።

ሁሉም ወጌሻ ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ ላይ ለዘመዶቼም ቢሆን አላዳላም። ጠብቆ የታሰረ ክንድ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በሀገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግር ከሚያስቆርጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እስር ነው። በሥራ ዘመኔ ጣቱ የጠቆረ ልጅ ታቅፋ የመጣች እናት አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወጌሻን በጅምላ የሚያሞግስ ሰው ሲያጋጥመኝ ወሬ እለውጣለሁ።

መንግሥት ሙያውን አልከለከለም፤ በደንብም አልያዘውም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ባህላዊ ሕክምና ጤና እስካልጎዳ ድረስ እንዲቀጥል ፈቅዷል። አልማ አታ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ባህላዊ አዋቂዎችን ካነሣ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የባህል መድኃኒት ማስተባበሪያ ቢሮ አቋቋመ። ተመራማሪ ሲመጣ ግን የሚጠይቀው ቅጠል ነው፤ ወንድሜን ‹‹ምን ምን መድኃኒት ታውቃለህ?›› ይሉታል፤ ‹‹ቅቤ›› ይላል፤ ደብተራቸውን አጥፈው ይሄዳሉ።

ትኩሳት የወጌሻ ድርሻ አልነበረም። ‹‹የሚያንቀጠቅጥ የኔ አይደለም›› ይል ነበር አባቴ፤ ፌጦ ወይም አርማጉሳ ወደሚያውቁት ይሰድዳል። ይህን ሜዳ ደገኛው ለረጅም ዘመን የፈራው በዚሁ በወባ ነው። በፈረንጆቹ 1953 ከሰሜን ያለውን ጎረቤታችንን ደምቢያን ወባ ፈጀው፤ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተከፈተው በዚያ ሰበብ ነው። በ1958 በሀገሪቱ የተነሣው ደግሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። የወባ ሠራተኞች ዲዲቲ እየረጩ ቤት ለቤት ሲዞሩ አባቴ ፓምፓቸውን ተሸክሞ የወደቀ አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚት አሽቶ መለሰላቸው፤ እነሱም የእኛን ቤት ግድግዳ አሳምረው ረጩልን።

አጥንቱ ከገጠመ፣ ስንጥሩ ከተፈታ በኋላ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ያን ጊዜ ወደ ዋንዛዬ ነው። ዋንዛዬ ደራ ወረዳ ውስጥ ጉማራ ዳር ያለ ፍል ውሃ ነው፤ ሰው እንደ ጠበል አክብሮት ስንቁን ቋጥሮ ይሄድና ይሰነብትበታል። አባቴ ሲልክ ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ውሃው ውስጥ ሆነህ እጅህን እጠፍ፣ ዘርጋ፤ ስትወጣ ተሸፋፍነህ ላብህን አውጣ፤ እስክትመለስ ሥራ አታስብ። እኔ ‹ፊዚዮቴራፒ› የሚለውን ቃል የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሩዝ ሲመጣ ሥራው መልኩን ለወጠ። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ጅግናና ሻጋ በሚባሉ ቦታዎች የተሞከረው ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ነው። ሩዝ የሚታረመው በእጅ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ሴቱም ወንዱም ከማለዳ እስከ ማታ። ድሮ ክንድና እግር ይመጣበት የነበረው የወንድሜ ደጅ አሁን በወገብ ተሞልቷል።

ወንድሜ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ስብራት አይነካም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይልካል። ሙያውን እየወሰደች ያለችው ሴት ልጁ ናት። ‹‹ሴት ምን ጉልበት አላት?›› የሚሉ አልጠፉም። ሩዝ አራሚዎቹ ሴቶች ግን ወገባቸውን ለወንድ ከሚያሳዩ እሷ ዘንድ ተሰልፈው መዋል ይመርጣሉ። አባቴ የመጣለትን ይቀበል ነበር፤ እንቁላልም፣ አንድ ቁና ጤፍም፣ ምርቃት ብቻም። እሷ ዋጋ ቆርጣለች። ወንድሜ ‹‹በእግዜር ስጦታ ልትነግጂ ነው?›› ብሎ ተቆጣ። ‹‹አባባ፣ ቅቤውን እግዜር ይገዛልኛል?›› አለችው። ወረታ ገበያ ቅቤ ስንት እንደገባ ያውቃልና መልስ አጣ፤ አሁን ገንዘቡን የሚቀበለው እሱ ራሱ ነው።