በኅብረት ሥራ ማኅበር የተሠራን አፓርታማ በባንክ ብድር መግዛት፦ የማኅበር ስምምነት፣ የመያዣ ውልና የስም ዝውውር

በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት የተገነባ አፓርታማ በባንክ ብድር ሲገዛ ገዢው ከሻጩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሦስት ተጨማሪ አካላት ጋር ይገናኛል፤ እነርሱም ማኅበሩ፣ አበዳሪው ባንክና ይዞታውን የመዘገበው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ናቸው። የእያንዳንዳቸው ውሳኔ በሌላው ላይ የተመሠረተ በመሆኑ አንዱ ከተጓደለ ሌላው ይቆማል። ብዙ ገዢዎች ለችግር የሚዳረጉት በገንዘብ እጥረት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ባለመጠበቃቸው፣ በተለይም ማኅበሩና ባንኩ መልስ ከመስጠታቸው አስቀድሞ ቀብድ በመክፈላቸው ነው።

ካርታው በማን ስም ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር በአባላቱ ስም የሚንቀሳቀስ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት የሚተዳደረው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ግንባታው እስኪጠናቀቅ ድረስ መሬቱና ሕንፃው የሚታወቁት በማኅበሩ ስም በተሰጠ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ አባል የሚያስተላልፈው ቤት የለውም፤ ያለው የአባልነት መብት፣ ዕጣ (አክሲዮን) እና እስከዚያ ያዋጣው ገንዘብ ነው። ማስታወቂያው «አፓርታማ የሚሸጥ» ቢልም ገዢው በእርግጥ የሚገዛው ወደፊት ቤት የማግኘት ተስፋን ነው፤ ግንባታው ቢዘገይ ወይም የማኅበሩ ወጪ ቢጨምር ተጨማሪውን መዋጮ የሚከፍለውም እርሱ ነው።

ሕንፃው ተጠናቆ ለየቤቱ የተናጠል ካርታ ከተሰጠ በኋላ ግን ሁኔታው ይለወጣል። አፓርታማው የባለቤቱ የግል ንብረት ሲሆን፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ አሳንሰሩ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውና ግቢው ደግሞ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁሉም ባለቤቶች የጋራ መጠቀሚያ ይሆናሉ። ሕንፃውን የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ባንኮች አፓርታማን በመያዣነት ለመቀበል በአጠቃላይ የሚጠይቁት ይህን የተናጠል ካርታ ነው። በማኅበሩ ስም ያለ ካርታ የአንድን አባል ብድር ሊያስይዝ የሚችለው ማኅበሩ ራሱ በጠቅላላ ጉባዔ ውሳኔ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የሌሎችን አባላት ድርሻ አብሮ ለአደጋ ስለሚያጋልጥ በቀላሉ የሚገኝ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ የተናጠል ካርታ የሌለውን ቤት በብድር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ለባንኩ ጥያቄውን ማቅረብ ይኖርበታል።

የማኅበሩ ስምምነት

ካርታው ገና በማኅበሩ ስም ከሆነ አባልነትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ አይቻልም። ማኅበሩ የተቋቋመው መመዘኛን በሚያሟሉ ሰዎች መካከል በመሆኑ አዲሱ ገቢም መመዘኛውን ማሟላቱ ይመረመራል። አንዳንድ ማኅበራት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን፣ ሌሎች ደግሞ በአንድ ከተማ ነዋሪነታቸው የተረጋገጠና በስማቸው ቤት የሌላቸውን ሰዎች ብቻ ይቀበላሉ። ሻጩ ጥያቄውን ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጽሑፍ ያቀርባል፤ ኮሚቴው መርምሮ ይወስናል፣ ወይም እንደ መተዳደሪያ ደንቡ ለጠቅላላ ጉባዔው ያስተላልፋል። ጉባዔው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ ውሳኔው ወራትን ሊወስድ እንደሚችል ገዢው በዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።

የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ገዢው መያዝ ያለበት የኮሚቴው ወይም የጉባዔው ውሳኔ የሰፈረበትን፣ ማኅተም ያረፈበትን ቃለ ጉባዔ ቅጂ ነው። ከዚሁ ጋር ማኅበሩ ሻጩ ምንም ዓይነት ውዝፍ መዋጮ እንደሌለበት፣ ለሕንፃው ማጠናቀቂያ የታቀደ ተጨማሪ መዋጮ ካለም መጠኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተናጠል ካርታ ባለው ቤትም ቢሆን ይህ ደብዳቤ አይቀርም፤ ያልተከፈለ የጥበቃ፣ የጽዳት ወይም የአሳንሰር ጥገና መዋጮ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው አዲሱ ባለቤት ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው። የመተዳደሪያ ደንቡን ማንበብም ጊዜ የሚያባክን ሥራ አይደለም፤ ቤቱን ለማከራየት፣ ለንግድ ለማዋል ወይም ግድግዳ ለማፍረስ የተቀመጡ ገደቦች የሚገኙት እዚያ ነው።

በመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም በዕጣ የተላለፉ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ከማኅበር ቤቶች የተለዩ ናቸው። በአዲስ አበባ በዚህ መንገድ የተላለፈ ቤት ከተላለፈበት ጊዜ አንሥቶ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ገደብ ተጥሎበታል። የማኅበር ቤትም ቢሆን የተሠራው በከተማ አስተዳደር ድጋፍ በተሰጠ መሬት ላይ ከሆነ ተመሳሳይ የጊዜ ገደብ መኖር አለመኖሩን ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ማጣራት ያስፈልጋል።

ቀብድ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ገዢው የባንክ ብድር ስለተከለከለ ግዢውን ቢተው በሕጉ ዓይን ያፈረሰው እርሱ ነው፤ ባንኩ መከልከሉ ብቻውን ቀብዱን አያስመልስም። ይህን ለማስቀረት የሚቻለው በውሉ ላይ «ማኅበሩ ዝውውሩን ካልፈቀደ ወይም ባንኩ የተጠየቀውን ብድር እስከዚህ ቀን ድረስ ካላጸደቀ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ለገዢው ይመለሳል» የሚል ግልጽ ቃል በማስፈር ነው። ሻጮች ይህን ቃል ለመቀበል ያመነታሉ፤ ሆኖም የሦስት ወይም የአራት ወር ቁርጥ ያለ ጊዜ ሲቀመጥለት በአብዛኛው ይስማማሉ። ፈጽሞ የማይስማማ ሻጭ ካጋጠመ ቀብዱን አነስተኛ ማድረግ ወይም ብድሩ እስኪጸድቅ መታገሥ ይሻላል።

የባንኩ ምርመራ

ባንኩ የሚመረምረው ተበዳሪውንና ቤቱን ነው። ከተበዳሪው በኩል የመታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ደመወዙንና የተቀጠረበትን ጊዜ የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ፣ በንግድ ለሚተዳደር ደግሞ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ እንዲሁም የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። ባለትዳር የሆነ ተበዳሪ ብቻውን አይፈርምም። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ሻጩንም ይመለከታል፤ የሻጩ ባለቤት ያልፈረመችበት ወይም ያልፈረመበት ሽያጭ በኋላ እንዲፈርስ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል።

ከቤቱ በኩል ባንኩ የካርታውን ትክክለኛነትና ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠይቃል። የባንኩ መሐንዲስም ቤቱን በአካል ጎብኝቶ ዋጋውን ይገምታል። ገዢዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ነገር የባንክ ግምት ከገበያ ዋጋ ዝቅ ብሎ ሊገኝ እንደሚችል ነው። ብድሩ የሚሰላው በግምቱ ላይ በመሆኑ በግምቱና በስምምነት ዋጋው መካከል ያለውን ልዩነት ገዢው ከራሱ ኪስ ይሸፍናል።

የወለድ መጠንና የመክፈያ ዘመን ከባንክ ባንክ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል ብር 2,000,000 በ16 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ15 ዓመት ቢወሰድ ወርኃዊ ክፍያው ወደ ብር 29,374 ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ብር 26,667 ያህሉ ወለድ ሲሆን ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው ከብር 2,710 ያነሰ ነው። ወለዱ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢል ያው ብድር በወር ወደ ብር 32,208 ያስከፍላል። ስለዚህ ባንኩ ወለዱን በዘመኑ መካከል የመለወጥ መብት በውሉ ላይ ይዞ እንደሆነ፣ ዕዳን ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት መኖር አለመኖሩንም ጭምር ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል። ወለድ የማይፈልጉ ተገልጋዮች በአብዛኞቹ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት የሚሰጠውን የሙራባሃ አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ፤ በዚህ አሠራር ባንኩ ቤቱን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው ይሸጣል።

ውሉ የሚጸናው ሲመዘገብ ነው

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መደረግና ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ቅድመ ሁኔታ አጽንቶታል። በመንደር ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ የሽያጭ ወረቀት፣ ምስክሮቹ ምንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ የዚህን ምዝገባ ቦታ አይተካም። በአዲስ አበባ ይህ አገልግሎት የሚሰጠው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ሲሆን፣ ሠራተኞቹ የሻጩን ማንነትና ባለቤትነት እንዲሁም ቤቱ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራሉ።

የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ባንኩ ብድሩን ማጽደቁን በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ገዢውና ሻጩ የሽያጭ ውሉን ያስመዘግባሉ፤ ገዢው የራሱን ድርሻ በባንኩ በተከፈተ ሒሳብ ያስገባል። ከዚያም የብድርና የመያዣ ውሉ ይመዘገባል፤ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ተቀብሎ ስሙን ያዛውራል፣ መያዣውንም በይዞታው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ባንኩ ገንዘቡን ለሻጩ የሚለቅቀው ይህ ሁሉ ሲፈጸም ነው። ሻጩ ቀሪውን ዋጋ ከስም ዝውውር በፊት በእጁ እንዲሰጠው ቢጠይቅ ገዢው መስጠት የለበትም፤ የባንኩ የማጽደቂያ ደብዳቤ ለሻጩ በቂ ዋስትና ነው።

የስም ዝውውርን ወጪና የሻጩን የግብር ግዴታ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። ባልተጻፈበት ጊዜ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በመስኮቱ ፊት፣ ሁሉም ወገን ተሰልፎ ሳለ ነው።

በውክልና መግዛት

የዝውውር ገደብ ያለበትን ቤት ለመሸጥ አንዳንድ ሻጮች ገንዘቡን ተቀብለው ለገዢው ቤቱን የማስተዳደርና የመሸጥ ሙሉ ውክልና ይሰጡታል። ይህ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ውክልና ወካዩ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በአጠቃላይ ይቀራል፤ ቤቱም በወራሾቹ ዘንድ የውርስ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል። ባንክም በእንዲህ ያለ ሰነድ አያበድርም። በዚህ መንገድ ገንዘባቸውን ከፍለው ዓመታት ከኖሩበት ቤት የወጡ ቤተሰቦች አሉ።

በውጭ አገር የሚኖር ገዢ በአካል መገኘት ባለመቻሉ ለዘመዱ የሚሰጠው ውክልና ግን ፍጹም ሕጋዊ ነው። ሰነዱ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከታየ በኋላ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው «መግዛት» የሚል ብቻ ከሆነ ተወካዩ መበደርም ሆነ ቤቱን ማስያዝ ስለማይችል፣ ሦስቱም ሥልጣኖች በስማቸው መጠቀስ አለባቸው።

ክፍያ ሲስተጓጎል፣ ክፍያም ሲያበቃ

በባንክ የተያዘ ንብረትን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ይህን በውሉ ላይ ከተስማማ፣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ገቢው የተቋረጠበት ተበዳሪ ማስጠንቀቂያው እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ባንኩን በጽሑፍ ቀርቦ የክፍያ ዘመኑ እንዲራዘምለት ቢጠይቅ የሚሰማው ጆሮ ያገኛል፤ ከሐራጅ ማስታወቂያ በኋላ ግን ባንኩ የሚደራደርበት ምክንያት ይቀንሳል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመያዣ ምዝገባ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው። ከዚያ ለሚረዝም ብድር ባንኩ ምዝገባውን ያድሳል፤ ተበዳሪው ለዚህ ሲጠራ ግራ ሊጋባ አይገባም። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ባንኩ ካርታውንና የመያዣ መሰረዣ ደብዳቤውን ያስረክባል። ደብዳቤው ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ መያዣው ከመዝገቡ ላይ እስካልተሰረዘ ድረስ ቤቱ በመዝገብ እንደተያዘ ይቆያል፤ ስለሆነም ባለቤቱ ደብዳቤውን በተቀበለበት ሳምንት ይዞ መሄድ፣ የተሰረዘበትንም ማረጋገጫ ተቀብሎ ከካርታው ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል።